ሰባተኛው ክፍል

ጥር ላይ ነው፤ አይስላንድ፣ ኢሳፍዮርዱር ወደብ፤
በረዶው ከጋራ ወረደ ያለ ገደብ፤
መንገዱን ደፈነ፤ ጀልባ አልወጣም አለ፤
ፋብሪካው ተዘጋ፤ ቢላው ተሰቀለ።

የሠራተኞች ቤት፣ ባለ አንድ ሳሎን፣
አንድ ሶፋ፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ ቴሌቪዥን፤
አራት ሆነን ቀረን፤ አምስት ነን ከድመቷ፤
ስም የላት፣ ጌታ የላት፤ ሶፋው ነው ርስቷ።

ሣጥኑን ጎትታ ራግንሄይዱር አመጣች፣
አቧራውን እፍ ብላ ክዳኑን ከፈተች፦
አሥር ዲስክ፣ አሥር ክፍል፣ የድሮ ድራማ፤
ባሕር ላይ የቆመ አንድ የመብራት ማማ፤
ጠባቂው አንድ ሌሊት ከማማው ወርዶ ጠፋ፤
ሚስቱ መብራቱን ይዛ ቀረች በተስፋ።

ከሣጥኑ ጋር ነበር ያረጀ መጽሔት፣
መጠይቅ የያዘ፣ ገጽ ሃያ ሁለት፦
«እንዴት እንደምታይ ድራማህን ንገረኝ፣
ማን እንደሆንህ እኔ ልንገርህ፤ ስማኝ።»
አራት ሣጥን ሥሎ፣ ሀ ለ ሐ መ ብሎ፣
ሰውን በየሣጥኑ ከርችሞ፣ ጠቅልሎ።

ቶርኬል መች ሊሰማ! ሪሞቱን ነጠቀ፤
አንዱ ክፍል ሳያልቅ ሌላውን ጠየቀ፤
የመግቢያ ዜማውን ይዘላል አቋርጦ፣
ብስኩቱ ካልሲው ላይ፣ ዓይኑ እንዳለ ፈጦ፤
ከምሽት እስከ ንጋት (ንጋት በሌለበት፣
ፀሐይ ከጋራው ጀርባ ወር በቆየችበት)
ስድስቱን ዋጣቸው።
መጽሔቱ «ልጓም የለሽ፣ ችኩል ሰው ነው» ይላል።
እኔ ግን ጎረቤቱ ነኝ፤ ግድግዳው ያሰማል፦
ቴሌቪዥን ሲጠፋ፣ ቶርኬል ክፍሉ ገብቶ፣
ለማይመልስ ስልክ ያወራል አምሽቶ።

ቦዤና በቀን አንድ። ሁለት ሲሏት እንቢ።
እኛ ስንቀጥል ትሄዳለች ወደ ኩሽና፣
ድንች ትልጣለች ጆሮዋን በጥጥ ደፍና።
«ቁጥብ» ይላታል መጽሔቱ፤ «ሥርዓት አክባሪ»።
አንድ ማታ፣ ልጣጩን እየጠረገች፣
«ካለቀ ይሄዳሉ። መቼም ሰው ይሄዳል» አለች።

ራግንሄይዱርማ፣ ማንም ሳይነቃ፣
አሥረኛውን አይታ ነበር ተደብቃ።
ጫፉን ሳታውቅ አንድም ነገር አትጀምርም፤
በር ትቆልፍና አንዴ አይበቃትም።
«ስጉ» አላት፣ በቃ።
ወንድሟ በጀልባ ወጥቶ ነው ያልተመለሰ፤
እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻ ቢቸኩል ማን ወቀሰ?

እኔ ስቴይኑን ነኝ፤ ሒሳብ ያዥ። ቁጥር ነው ሥራዬ።
ስክሪኑን ትቼ ፊታቸውን ነበር ማየቴ፤
ሰማያዊው ብርሃን በጉንጫቸው ሲሄድ፣
አንዱ ታሪክ በአራት ሰው አራት መንገድ ሲወርድ።

ሦስተኛው ማታ። ሰባተኛው ክፍል።
ሚስትየዋ በደረጃው ፋኖስ ይዛ ስትወርድ፣
ከታች በሩ ተንኳኳ፤
መብራት ጠፋ። የእኛ መብራት።

እንዲያ ያለ ጨለማ!
የምድጃው ፍም፣ የድመቷ ዓይን፣ የነፋሱ ጩኸት ብቻ።
ቶርኬል ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ተነሣ፤
«ራግንሄይዱር፣ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ንገሪን»
አለ፤ ድምፁ እንደ ልጅ ሳሳ።
ከኩሽናው መጣች ቦዤናም፣ ጥጡን ከጆሮዋ አውጥታ፣
«ንገሪው» አለች፣ እግሯን ፍሙ ዘንድ ዘርግታ።

ራግንሄይዱር ዝም አለች። ረጅም ዝም።
ከዚያ፦ «እሱ ነው ያንኳኳው። ርጥብ ነው፣ ጨው ይሸታል።
ጫማውን በር ላይ ያወልቃል።
ዳቦ አለ ወይ? ብሎ ይጠይቃል።
ሚስቱ የት ነበርክ አትለውም፤ ዳቦውን ትቆርሳለች።
አለቀ።» አለች።
ቶርኬል በዚያ ሌሊት ስልክ ሳያነሣ ተኛ፤
ማንኮራፋቱን በግድግዳው ሰማሁ እኔ ብቻ።

ንጋት ላይ መብራት መጣ። የበረዶ ጠራጊውም ሞተር ጮኸ።
ሁሉ ሳይነሣ አሥረኛውን ከፈትሁ፦
ማንም አልመጣም። ያንኳኳው ነፋስ ነበር።
ሚስትየዋ መብራቱን አጥፍታ፣ ሻንጣ ይዛ
በጀልባ ወደ የብስ ሄደች፤ ጀርባዋን ነው ያየሁት።

እሁድ ቦዤና ዓሣ ስትመትር ጠየቀችኝ፦
«የቀሩትን ዛሬ ማታ ብናያቸውስ?» አለችኝ።
«ዲስኩ ተጫጭሯል» አልኋት፤ «አይሠራም።»

ከመጽሔቱ ግርጌ አንድ ጥያቄ ቀርቶ ነበር፦
«መጨረሻውን ብታውቅ ለሌላ ሰው ትናገራለህ?»
ድመቷን ከገጹ ላይ ገፋሁና
እርሳሴን ይዤ ቆየሁ።